ወንበር ማልበስ፦ የአንድ የእጅ ሙያ ቃላት ታሪክ

አንድ የእጅ ሙያ በቋንቋችን ስም አለው ወይስ የለውም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከመጻሕፍት ብቻ አይገኝም። በስያሜ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ከመጻሕፍት እንጀምራለን፤ በመጻሕፍት ያላገኘነውንም ቃል ቋንቋው እንደሌለው አድርገን እንቆጥራለን፤ ከዚያም ከግእዝ ሥር ስበን አዲስ ቃል እናበጃለን። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው እንዲህ ያለው ችኮላ እንዴት እንዳሳሳተንና እንዴትም እንደታረምን ነው። ጉዳዩ ትንሽ ነው፤ ይኸውም ያረጀ ባለመደገፊያ ወንበር ገፍፎ፣ ውስጡን አድሶ፣ በአዲስ ጨርቅ የማልበስ ሥራ ነው።

የቤት ዕቃ ቃላትን በምናሰባስብበት ጊዜ ለዚህ ሙያና ለክፍሎቹ የተመደበው ዐምድ ከሞላ ጎደል ባዶ ሆኖ አገኘነው። ባዶውን ለመሙላት በመጀመሪያ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥንና ዐሥራ አንድ ያህል አዳዲስ ቃላት አበጀን። በኋላ ግን ከመካከላችን አንዱ፣ «ስሙን የምናወጣለትን ነገር እስቲ በዐይናችን እንየው» አለ። ነገሩ ተገቢ ስለነበረ፣ ካገለገለ ዕቃ ሻጭ አንድ አሮጌ ወንበር ገዝተን በዚሁ ባልደረባችን ቤት በረንዳ ላይ ፈታነው። ከዚያ በረንዳ ስንመለስ ካበጀናቸው ቃላት አብዛኞቹን ሰርዘናል።

1. ሌሎች ቋንቋዎች ሙያውን ከየት ወገን አዩት?

ወደ ራሳችን ወንበር ከመሄዳችን በፊት ሌሎች ያንኑ ሙያ እንዴት እንደሰየሙት መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ ባለሙያው «አፕሆልስተረር» ይባላል። ቃሉ የመጣው «አፕሆልደር» ከሚለው የቀድሞ ስም ሲሆን፣ ሥሩ ደግፎ ማቆም፣ እንዳይወድቅ ይዞ ማቆየት የሚል ግስ ነው። በመካከለኛው ዘመን በለንደን ከተማ አፕሆልደር የሚባለው ሰው ያገለገለ አልጋ፣ ፍራሽና ልብስ እየገዛና እየጠገነ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1360 ተቋቁሞ በ1626 ከንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የመብት ደብዳቤ ተቀብሏል። ስለዚህ ዛሬ የተከበረው የእንግሊዝኛው የሙያ ስም የተወለደው ከአዲስ ዕቃ ሥራ ሳይሆን ከአሮጌ ዕቃ ጥገና ነው ማለት ነው።

ፈረንሳይኛ በበኩሉ ባለሙያውን «ታፒሲዬ» ይለዋል። «ታፒ» ምንጣፍ ነው፤ ወንበሩንም፣ የአልጋውን መጋረጃም፣ የግድግዳውንም ጌጠኛ ጨርቅ የሚያዘጋጀው አንድ ሰው ስለነበረ ሙያው በጨርቁ ተጠራ። ጀርመንኛ ደግሞ «ፖልስተረር» ይላል፤ «ፖልስተር» መከዳ ነውና። እንግሊዛዊው ጥገናውን፣ ፈረንሳዊው ጨርቁን፣ ጀርመናዊው የውስጡን ልስላሴ አይቶ ሰየመ። ከሦስቱ አንዱ ትክክል፣ ሁለቱ ስሕተት አይደሉም። እያንዳንዱ ሕዝብ ሙያውን በመጀመሪያ ባገኘበት በር ገብቶ ስም አወጣለት። እንግዲህ ለእኛ የሚቀረው ጥያቄ፣ የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሙያ በየት በኩል አገኘው የሚል ነው።

2. ወንበር ክብር፣ አልጋ ምቾት

ወንበር የሚለው ቃል የግእዙ «መንበር» ነው፤ «መ» ወደ «ወ» ተለውጧል። ሥሩም ተቀመጠ፣ ኖረ የሚል ትርጉም ያለው «ነበረ» ነው። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ የማዕርግና የሥልጣን ቃል ነበር። የቤተ ክርስቲያን መምህር «ወንበር ዘርግቶ» ያስተምራል፤ የጉባኤ መሪ «ሊቀ መንበር» ይባላል፤ በቀድሞው ዘመን ፍርድ ቤትም ከዳኛ ጋር ተሰይሞ የሚፈርድ ሰው ራሱ «ወንበር» ይባል ነበር። በእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ወንበር የክብር ስፍራ እንጂ የምቾት ስፍራ አይደለም።

በተራው ሰው ቤት የሚቀመጡት በጭቃ በተሠራ መደብ ወይም በበርጩማ ላይ ነበር። በጅማ አካባቢ እንደሚሠራው ያለ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር የሚቆም በርጩማ የሚሞላ ሆድ፣ የሚገፈፍ ልብስ የለውም፤ ሲበዛ አጎዛ ይነጠፍበታል። ታዲያ ልስላሴና መወጠር፣ መሙላትና መሸፈን በቤታችን ውስጥ የት ነበሩ? በአልጋ ላይ ነበሩ። በእንጨት ክፈፍ ላይ በጠፍር የተሠራው አልጋ፣ ከላዩ ቁርበቱ ወይም አጎዛው፣ ከዚያም ፍራሹና ትራሱ የተሟላ ሥርዓት ነበረው። አልጋ ከፍ ያለው መቀመጫም ስለነበረ የዙፋን ስም ሆነ፤ «አልጋ ወራሽ» የሚለው ማዕርግ ይህን ያስረዳል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። የለሰለሰ ወንበርን ቃላት በወንበር ዘንድ ፈልገን ያጣናቸው በተሳሳተ ቤት ስለፈለግናቸው ነው፤ ቃላቱ የነበሩት በአልጋ ዘንድ ነው። ትራስ ከግእዙ «ትርኣስ» የመጣ ሲሆን ከ«ርእስ» የተወለደ የራስ ማረፊያ ነው። መከዳ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዐረብኛ ሥሩ ጉንጭ ማለት ነውና የጉንጭ ማረፊያ እንደማለት ነው። ፍራሽም እንዲሁ ከዐረብኛ የመጣ የንጣፍ ስም ነው። አንዱ ከግእዝ፣ ሁለቱ ከባሕር ማዶ ንግድ ተገኝተው በአንድ አልጋ ላይ ለብዙ ዘመን ተስማምተው ኖረዋል።

3. ወንበሩ ሲገፈፍ

የገዛነው ወንበር በከተማችን አነጋገር «ፎቴ» የሚባለው፣ ሁለት ክንድና ከፍ ያለ መደገፊያ ያለው ነው። ፎቴ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰበት ዘመን አንሥቶ በፈረንሳይኛ የተማረው ወገን በከተማው ቤት ካስገባቸው ቃላት ከ«ቡፌ» ጋር የሚቆጠር ነው። በመደገፊያው ላይ የሚጣለው «ዳንቴል»ም እንዲሁ የፈረንሳይኛ ነው፤ ትርጉሙ ትንሽ ጥርስ ማለት ሲሆን የጥልፉን ዳር ቅርጽ ይናገራል። ይህን ዳንቴል ግን የኢትዮጵያ እናቶችና እኅቶች በኪሮሽ እየሠሩ የራሳቸው ጥበብ አድርገውታል።

ላይኛው ልብስ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ከፋይ ነበር። ምስማሮቹን በፒንሳ እየነቀልን ስናነሣው ከሥሩ ሌላ፣ አበባ ያለበት የጥጥ ጨርቅ ወጣ፤ ከዚያም ሥር ቀለሙ የለቀቀ ሦስተኛ ጨርቅ ነበር። ባለቤቶቹ ሦስት ጊዜ አልብሰውታል ማለት ነው። ከጨርቆቹ ቀጥሎ ስስ ስፖንጅ፣ ቀጥሎ የተጠቀጠቀ ጥጥ፣ ቀጥሎ ጆንያ፣ ከጆንያው ሥር ጭድ የተቀላቀለበት የፈረስ ጭራ፣ ከዚያ በታች ሌላ ጆንያ፣ በመጨረሻም በሲባጎ የተሳሰሩ ሞላዎችና እነርሱን የተሸከመው የተበጣጠሰ ጥብጣብ ተገኙ።

የመጀመሪያው ትምህርታችን ያገኘነው ከዚህ ሥራ ግስ ነው። በጽሑፍ ዝርዝራችን ላይ አሮጌውን ልብስ ስለማንሣት «ልብሰ ወንበር ማስወገድ» ብለን ነበር። በሥራው ላይ ግን ከመካከላችን ማንም እንዲህ አላለም፤ ሁላችንም «እንግፈፈው» አልን። ገፈፈ ቆዳን ከሥጋ ለየ፣ ሰውንም ልብሱን አወለቀ የሚል ግስ ነው። ሁለቱም ትርጉሞች ለዚህ ሥራ ይስማማሉ። ቃሉ ከአፋችን ሳለ በወረቀታችን ላይ አልነበረም።

4. ጠፍር

ከሁሉ በላይ ያስቸገረን በክፈፉ ሥር ወዲያና ወዲህ ተጠላልፎ ሞላዎቹን የሚሸከመው ጥብጣብ ነበር። በአውሮፓ ወንበሮች ይህ ክፍል ከጁት ጭረት የተሠራ፣ ሦስት ጣት ያህል ስፋት ያለው ጥብጣብ ነው፤ አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች እያለፈ እንደ ሰሌን ይሠራል። እኛ ለዚህ «መረበ ድጋፍ» የሚል ስም አበጅተን፣ በግእዝ አገባቡ ተደስተን ነበር።

በዚያ ሰዓት ጎረቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ በአጥሩ በኩል ሥራችንን ይመለከቱ ነበር። በወጣትነታቸው በገጠር አልጋ ይሠሩ እንደነበረ በኋላ ነገሩን። «አባባ፣ ይህ መረበ ድጋፉ ተበጥሷል፤ ምን ይሻለዋል ይላሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «መረብ ለዓሣ ነው፤ ይህማ ጠፍር አይደለም እንዴ፣ ልጆቼ? ጠፍሩ ካልተወጠረ ሞላው በምን ላይ ይቆማል?» አሉን።

ከዚያ ወዲህ ስለ መረበ ድጋፍ አልተነጋገርንም። ሽማግሌው ገብተው የጠፍር ሥራን አስረዱን። ጠፍር የሚወጣው ካልለፋ የበሬ ቆዳ ነው። ቆዳው እርጥብ ሳለ ከዳሩ ጀምረው ዙሪያውን እየዞሩ ሲቆርጡት ያልተቀጠለ ረጅም ጠፍር ይሰጣል። እርጥቡን ጠፍር በአልጋው ክፈፍ ላይ በቁመትና በአግድመት እያጠላለፉ ይወጥሩታል፤ ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰብና እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ሥራው «መጠፈር» ነው፤ ሲላላም እንደገና ይጠፈራል። የአውሮፓው ባለሙያ በጁት የሚሠራውን የእኛ ሰው በቆዳ ሠርቶታል። የማጠላለፉ ሥርዓት አንድ ነው፤ የመወጠሩም ምክንያት አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። «በሥራ ተጠፍሮ ዋለ»፣ «ተጠፍሮ ታሰረ» የሚሉ አነጋገሮች ዛሬም በየጊዜው ይሰማሉ፤ በከተማ ተወልዶ ካደገው ወጣት ግን የጠፍር አልጋ ያየው ጥቂት ነው። ዘይቤው ቀርቶ ዕቃው እየጠፋ ነው። አንድ ቃል ከዕቃው ተለይቶ በዘይቤ ብቻ ሲኖር ሥሩ እንደተቆረጠ ዛፍ ነው፤ ለጊዜው ለምልሞ ይታያል። ጠፍርን ለወንበሩ ጥብጣብ መስጠት ለአዲሱ ዕቃ ስም ማግኘት ብቻ ሳይሆን ለአሮጌው ቃል አዲስ ቤት መስጠትም ነው።

5. ሞላና ሲባጎ

ከጠፍሩ በላይ የሚቆመው ሞላ በታሪክ ዘግይቶ የመጣ ነው። የአውሮፓ ወንበሮች ለብዙ ዘመን በፈረስ ጠጉርና በላባ ብቻ ይሞሉ ነበር። የተጠማዘዘ የብረት ሽቦ በመቀመጫ ውስጥ ስለማግባት በቪየና ጌኦርግ ዩኒግል እ.ኤ.አ. በ1822፣ በለንደንም ሳሙኤል ፕራት በ1828 የፈጠራ መብት አግኝተዋል። ወንበር ከዚያ በኋላ ሆዱ ከፍ እያለ፣ ልብሱም በቁልፍ እየተወጋ የዛሬውን መልክ ያዘ።

ዕቃው ወደ እኛ የመጣው በአብዛኛው በጣልያን የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቶች በኩል ስለነበረ ስሙንም ይዞ መጣ። ሞላ ጣልያንኛ ነው። ሞላዎቹን የሚያስረው ሲባጎ፣ እንጨቱን የሚያጣብቀው ኮላ፣ ምስማር የሚነቅለው ፒንሳ፣ ብሎን የሚፈታው ካቻቢቴ ሁሉ ከዚያው ወገን ናቸው። ስለ ሞላ ግን የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊጠነቀቅ ይገባል። ሙሉ ሆነ የሚለው የአማርኛ ግስ «ሞላ»ና ይህ ስም በጽሕፈትም በንባብም አንድ ናቸው፤ በሥር ግን አይገናኙም። ወንበር በሞላ ስለሚሞላ ሁለቱ ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ በመዝገብ ውስጥ ግን በተለያየ ተራ ሊመዘገቡ ይገባል።

ከመካከላችን ሞላን በ«ነጣሪ» ለመተካት ያሰቡ ነበሩ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የብዕሩንም፣ የአልጋውንም፣ የወንበሩንም ሞላ ሕዝቡ በአንድ ስም ይጠራዋል፤ ሦስት ፊደል የማይሞላ፣ ለአንደበት የቀለለ ቃል ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ማስወጣት ሰሚ የሌለው ትእዛዝ መስጠት ይሆናል።

6. ስፖንጅና ሰፍነግ

ስፖንጅ የሚሉት ነገር የሃያኛው ምዕተ ዓመት ሥራ ነው። ከጎማ ወተት አረፋ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1929 በእንግሊዙ ደንሎፕ ኩባንያ ተገኘ፤ ዛሬ በብዛት የምናየው ፖሊዩሬታን የተባለው ደግሞ መሠረቱ በጀርመን አገር በኦቶ ባየር በ1937 ተጣለ፤ ለስላሳ አረፋ ሆኖ በገበያ የተስፋፋው በ1950ዎቹ ነው። ቀላልና ርካሽ ስለሆነ የፈረስ ጠጉሩንና ጥጡን፣ በብዙ ቦታም ሞላውን ሳይቀር አስለቀቀ።

ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ የእንግሊዝኛውም ሥር ግሪክኛው «ስፖንጎስ» ነው። የሚያስደንቀው ግን ይኸው የግሪክ ቃል ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በሌላ መንገድ ወደ ግእዝ ገብቶ «ሰፍነግ» መባሉ ነው። በወንጌል የስቅለት ታሪክ ሆምጣጤ የተሞላበት ሰፍነግ ሲነበብ የኖረው ይህ ነው። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ወደ አገራችን ገባ፤ በመጀመሪያ በመጽሐፍ፣ በኋላም በሱቅ።

ታዲያ ስፖንጅን አስወጥተን ሰፍነግን እንመልስ? ጉዳዩ በመካከላችን ብዙ አከራክሯል። በመጨረሻ የተስማማነው ሁለቱም ይኑሩ በማለት ነው። ሰፍነግ የባሕሩ ፍጥረትና የቅዱስ መጽሐፍ ቃል ነው፤ ስፖንጅ የፋብሪካው አረፋ ነው። ሁለቱን ቃላት መለየቱ ለቋንቋው ትርፍ እንጂ ጉድለት አይሆንም።

7. ማልበስ

ለሙያው ጠቅላላ ስም ስንፈልግ አራት ግሶች ቀረቡልን። ለበደ መጽሐፍን ወይም የሰይፍ አፎትን በቆዳ አጥብቆ መሸፈን ነው። ደጎሰ በለበደው ቆዳ ላይ በብረት ጌጥ ማተም ነው። ለበጠ እንጨትን በስስ ብረት ወይም በወርቅ ላዩን መሸፈን ነው፤ ከዚህም የተነሣ ለበጣ ከልብ ላልሆነ አነጋገር ዘይቤ ሆኗል። በሦስቱም ግሶች ሽፋኑ ከተሸፈነው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አለበሰ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ልብስ ይለበሳል፣ ይወልቃል፣ ይቀየራል፤ ከሥሩም አካል አለ። ሦስት ልብስ የቀየረው ወንበራችን ለዚህ ምስክር ነው። በከተማውም ውስጥ ሕዝቡ «ሶፋ ማልበስ»፣ «የወንበር ልብስ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። በመኪና ወንበር ሠራተኞች ዘንድ «ታፒሰሪ» የሚል የፈረንጅ ስም በልዩ ልዩ አጻጻፍ ይታያል፤ እነዚያው ሠራተኞች ግን ከደንበኛቸው ጋር ሲነጋገሩ ማልበስ ይላሉ።

የማልበስን ትርጉም በሚገባ የተረዳነው ግን ከተሳሳትን በኋላ ነው። አዲሱን ጨርቅ በአሮጌው ልክ ከቆረጥን በኋላ ከአንዱ ማዕዘን ጀምረን ዙሪያውን በምስማር መታነው፤ ወደ ጀመርንበት ስንመለስ ጨርቁ ተንሻፍፎ አንደኛው ጎን ተጨማድዶ ተገኘ። ሽማግሌው እንደገና ሲመጡ፣ «ለሰው ልብስ ስትለኩ ከትከሻ ትጀምራላችሁ እንጂ ከእጅጌው ጫፍ ትጀምራላችሁን?» አሉን። ምስማሩን ነቅለን እንደገና ጀመርን። በመጀመሪያ የፊቱን መካከል፣ ቀጥሎ ትይዩ የሆነውን የኋላውን መካከል፣ ከዚያም የሁለቱን ጎኖች መካከል መታን፤ በመጨረሻም ከየመካከሉ ወደ ማዕዘን እያፈራረቅን ወጠርን። ጨርቁ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ማዕዘኖቹ እንደ ጋቢ ጫፍ ታጥፈው መጨረሻ ላይ ይመታሉ።

8. መደምደሚያ

እነዚህ ቃላት ለምን በጽሑፍ ሳይሰበሰቡ ቆዩ? የከሣቴ ብርሃን ተሰማ የ1951 ዓ.ም. መዝገበ ቃላትና የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. ሥራ ዛሬም ከእጃችን የማይለዩ ናቸው። ሆኖም ማንኛውም መዝገብ የሚሰበስበው የቃሉ ባለቤት ከሚናገርበት ቦታ ድረስ ነው። በአገራችን ደግሞ ቆዳ የሚያለፋው፣ ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸማ የሚሠራው ሰው ለብዙ ዘመን በሙያው ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ያሳያል። የተናቀ ሰው ቃሉም አብሮት ይናቃል፤ ጸሐፊው ወደ እርሱ ሄዶ አይጠይቀውም። በጠረጴዛችን ዙሪያ ተቀምጠን መረበ ድጋፍን ስናበጅ እኛም ሳናውቀው ያንን አሮጌ ልማድ እየተከተልን ነበር።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ የሚከተሉትን ቃላት እናቀርባለን።

ወንበር ማልበስ፦ የሙያው ጠቅላላ ስም፤ ሠራተኛው ወንበር አልባሽ።
መግፈፍ፦ አሮጌውን ልብስና ሙሊት ከክፈፉ ማንሣት።
ክፈፍ፦ የወንበሩ የእንጨት አካል።
ጠፍር፦ ሞላን የሚሸከም የተጠላለፈ ጥብጣብ፤ ከቆዳ፣ ከጁት ወይም ከላስቲክ ቢሠራም፤ ግሱ ጠፈረ።
መወጠሪያ፦ ጠፍርን ወይም ጨርቅን አጥብቆ መሳቢያ መሣሪያ።
ሞላ፦ የተጠማዘዘ የብረት ሽቦ፤ ከግሱ ተለይቶ የሚመዘገብ።
ሲባጎ፦ ሞላን ከሞላና ከክፈፍ ጋር ማሰሪያ።
ሙሊት፦ ጠጉር፣ ጥጥ፣ ጭድ፣ ስፖንጅ፤ ግሱ ጠቀጠቀ።

ከእነዚህ መካከል እኛ ያበጀነው «ሙሊት» የሚለውን ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን የተሻለ ቃል ያለው ባለሙያ ሲገኝ ለመተው ዝግጁ ነን። መወጠሪያ በአማርኛ ሰዋስው ከግሱ በራሱ የሚወጣ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ከሠራተኛው አፍ የተገኙ ናቸው።

ሽማግሌው ያስረዱንን የጠፍር ሥራ ቃላት በሙሉ መዝግበን አልጨረስንም። የቆዳውን ክፍል ሁሉ፣ የአጠላለፉን ዓይነት ሁሉ በየስሙ ይጠሩታል፤ እኛም እየጻፍን ነው። እንዲህ ያሉ አባቶች በየሰፈሩ ዛሬም አሉ፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። የስያሜ ሥራ ወረፋ ይጠብቃል፤ እነርሱ ግን አይጠብቁንም። ወንበሩ ዛሬ ከባልደረባችን ቤት ሳሎን ይገኛል፤ ሽማግሌውም ሲመጡ የሚቀመጡት በእርሱ ላይ ነው።